ለታክሲደርሚ የሚሆን የእንስሳ ቅርጽ አመራረጥና አሠራር፣ ከተሰረቀ ቅርጽም የመጠበቂያ መንገድ

ቆዳው በሚገባ ለፍቶ፣ ስፌቱም ተደብቆ ሳለ፣ ቆሞ የሚታየው በግ ግን በግ የማይመስልበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳው ሥር ነው። በታክሲደርሚ፣ ማለትም የሞተ እንስሳን ቆዳ በሰው ሠራሽ አካል ላይ አልብሶ በሕይወት ሳለ እንደነበረው አድርጎ በማቆም ሙያ፣ ይህን ከሥር ያለውን አካል ፎርም ወይም ቅርጽ እንለዋለን፤ ቆዳ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ከመከተል በቀር ሌላ አቅም የለውም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በጎንደርና በዙሪያዋ ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ ለሆቴል አዳራሽ ወይም ለቤቱ ግድግዳ የበግ፣ የፍየልና የበሬ ሥራ ለሚጀምር ሰው ነው።

በድሮው አሠራር የተገፈፈው ቆዳ ጭድ፣ ጨርቅና ሰጋቱራ እየተጠቀጠቀበት እንደ ትራስ ይሰፋ ነበር። ይህን በመለወጥ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው አሜሪካዊው ካርል ኤክሊ (እ.ኤ.አ. ከ1864 እስከ 1926) ነው። በቺካጎው ፊልድ ሙዚየም፣ ኋላም በኒውዮርኩ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሲሠራ፣ የእንስሳውን ልክና ፎቶግራፍ ወስዶ፣ አጥንቱን በብረት አቁሞ፣ በአጥንቱ ላይ ሥጋውንና ጅማቱን በጭቃ ቀርጾ፣ ከጭቃው ላይ የጀሶ ሞልድ፣ ማለትም የጭቃውን መልክ በውስጡ ገልብጦ የሚይዝ ማውጫ፣ አንሥቶ፣ በሞልዱ ውስጥ ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል ቅርጽ ሠርቶ ቆዳውን ያለብስ ነበር። ዛሬ በካታሎግ የሚሸጠው የፖሊዩሬቴን ፎም (ፈስሶ የሚነፋና የሚጠነክር ቀላል ፕላስቲክ) ቅርጽም የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ በዋናነት የተለወጠው በሞልዱ ውስጥ የሚፈስሰው ነገር ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፎም በፊት አንድ ሰው ከጭቃ ፊት ተቀምጦ ያሳለፋቸው ሳምንታት አሉ። ፎሙ ራሱ ርካሽ ነው፤ የምንከፍለው ለእነዚያ ሳምንታት ነው፤ ቅርጽ ቀድቶ የሚሸጥ ሰውም የሚሰርቀው እነሱኑ ነው።

አንደኛ፦ የቆዳውን መምጫ ማጣራት

ስለ ቅርጹ ከማሰብ አስቀድሞ የቆዳው መምጫ ንጹሕ መሆን አለበት። አገራችን በዚህ ረገድ ረጅም ታሪክ አላት፤ ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ጎንደር መጥቶ ነበር፤ የሰበሰባቸውም ናሙናዎች ፍራንክፈርት ገብተዋል። የፊልድ ሙዚየም ቡድንም እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ለሙዚየሙ እንስሳትን ሰብስቧል። ዛሬ ግን ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለግል ሥራ በምንም መንገድ አይነኩም። የሌላም የዱር እንስሳ ቆዳ ቢሆን ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን የተሰጠ ሕጋዊ ወረቀት ከሌለው ከደጃፋችሁ እንዳያልፍ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቀላቀለችው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከአገር በሚወጣው ላይ ተጨማሪ ቁጥጥር አለው። ለሚማር ሰው የቤት እንስሳ ከበቂ በላይ ነው። ፋሲካ፣ ገናና እንቁጣጣሽ ሲሆን ጥሩ ቆዳ በየቤቱ ይገኛል።

ሁለተኛ፦ ልክ መውሰድ

ቅርጽ የሚመረጠው በዓይን ግምት ሳይሆን በልክ ነው። እንስሳው ገና በሕይወት ሳለ ከአራት ወገን ፎቶግራፍ አንሡት፤ የቆመበትን ሁኔታ፣ ጆሮው ወዴት እንደሚያዘነብል፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር የሚገናኝበትን መስመር ኋላ የሚያስታውሳችሁ ሌላ ነገር የለም። ከታረደ በኋላ አንድ ጊዜ ቆዳው ሳይገፈፍ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆዳው ከወጣ በኋላ በሥጋው ላይ ለኩ። ሁለተኛው ልክ ይበልጣል፤ ቅርጹ የሚተካው ሥጋውን እንጂ ጸጉሩን አይደለምና። የለፋ ቆዳ ስለሚሳብና ስለሚኮማተር በቆዳው ላይ ብቻ የተወሰደ ልክ ያሳስታል።

በልብስ ሰፊ ሜትር የሚወሰዱት ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ከዓይን የውስጥ ማዕዘን እስከ አፍንጫ ጫፍ፤ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ራስ ቅል ኋላ፤ የአንገት ዙሪያ ከጆሮ ሥር፣ ከመካከሉና ከትከሻው መነሻ ላይ፤ ሙሉ አካል የሚቆም ከሆነ ደግሞ ከፍርምባ እስከ ታፋ ያለው ርዝመት፣ ከፊት እግር ኋላ የደረት ዙሪያ፣ የሆድ ዙሪያና የእያንዳንዱ እግር ውፍረት። ከሁሉ የከበደው የመጀመሪያው ነው፤ አንገትን በሞረድ መቀነስ ወይም በጭቃ መሙላት ይቻላል፣ ከዓይን እስከ አፍንጫ ያለው ልክ ከተሳሳተ ግን ፊቱ የዚያ እንስሳ ፊት አይሆንም።

ለበዓል በታረደ በግ ላይ ይህን ለማድረግ ከባለቤቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። "ጋሼ፣ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡኝ፤ ራሱን እኔው ልግፈፈው" ብሎ ከዋዜማው ያልተስማማ ሰው፣ በማግሥቱ የሚያገኘው ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ የተቆረጠ ቆዳ ነው። የመታረጃው ቁርጥ በጉሮሮው ላይ መኖሩ አይቀርም፤ እሱ ከውስጥ በኩል ይሰፋል።

ሦስተኛ፦ ቅርጹን ከየት እንደምታገኙ መወሰን

መንገዱ ሦስት ነው፤ ከውጭ አገር ካታሎግ ማዘዝ፣ ከአገር ውስጥ ቀራጭ መግዛት፣ ወይም በራስ እጅ መሥራት።

ከውጭ ለሚያዝ ሰው ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛው የጭነት ሒሳብ ነው። ፎም ቀላል ቢሆንም ቦታ ይይዛል፤ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ5,000 ያካፍሉና ውጤቱን እንደ ኪሎ ግራም ይቆጥሩታል። ሰባ በሃምሳ በሃምሳ በሆነ ካርቶን የታሸገ የፍየል ራስና ትከሻ፣ በሚዛን ጥቂት ኪሎ ሆኖ ሳለ፣ የ35 ኪሎ ዋጋ ይጠየቅበታል ማለት ነው። ካታሎጎቹ ልክን አብዛኛውን ጊዜ በኢንች ስለሚጽፉ የሴንቲ ሜትሩን ልክ ለ2.54 እያካፈላችሁ አመሳክሩ።

ሁለተኛው ነገር ከዋጋው የባሰ ነው። የካታሎጉ እንስሳ የእኛ እንስሳ አይደለም። በፈረንጅ ከብት ላይ የተቀረጸ የኮርማ ቅርጽ ሻኛ የለውም፤ የፎገራን በሬ ቆዳ ብታለብሱት የሻኛው ቆዳ እንደ ባዶ ከረጢት ይንጠለጠላል። የፋርጣ በግ ላት አለው፤ የውጭው ቅርጽ ግን ጭራው ቀጭን ነው። በዚህ ምክንያት ለራስና ለትከሻ ሥራ ካልሆነ በቀር፣ ለሙሉ አካል ከውጭ ማዘዝን አልመክርም።

አራተኛ፦ የተቀዳን ቅርጽ መለየት

ቅርጽ መቅዳት ቀላል በመሆኑ በሙያው ውስጥ የቆየ በሽታ ነው። አንድ ሰው ከአንድ ቀራጭ አንድ ቅርጽ ይገዛል፣ ቆዳ በማልበስ ፋንታ ጀሶ ወይም ሲሊከን ያለብሰዋል፣ ሞልድ ያወጣል፣ ከዚያም በግማሽ ዋጋ መሸጥ ይጀምራል። ጥቂት የሚፈራ ከሆነ አንገቱን ቆርጦ ወደ ሌላ ወገን ያዞረዋል፤ ፊቱን ግን አይነካውም፣ ፊት መቅረጽ አይችልምና።

እኔም በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ የአውራ በግ ቅርጽ በርካሽ ገዝቼ ነበር። ሻጩ ራሱ የቀረጸው መሆኑን ነገረኝ፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቆዳው ሲለብስ የአፍንጫው ቀዳዳ ጠርዝ አልያዘም፣ የዓይኑ ማዕዘን እንደ ቀለጠ ሻማ ሆነ፣ ፊቱም ከለካሁት በግ አጠረ። ቆዳውን አውልቄ ቅርጹን በብርሃን አገላብጬ ባየው፣ በአንገቱ ላይ አንዱ ከሌላው ጎን የሚሄድ ሁለት የመጋጠሚያ መስመር አገኘሁ። አንደኛው የሞልዱ መስመር ነበር፤ ሁለተኛው ግን ከሌላ ሰው ሞልድ ከወጣው ከመጀመሪያው ቅርጽ ላይ አብሮ የተቀዳ ነበር። ያ ቆዳ ተበላሽቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ቅርጽ ከመግዛቴ በፊት እንዲህ እመረምራለሁ። በመጀመሪያ የቀራጩን ስምና ዓመተ ምሕረት እፈልጋለሁ፤ ጥንቁቅ ቀራጮች በአንገቱ ኋላ ወይም በሆዱ ሥር ይቀርጹታል። ስም የሌለው ቅርጽ ሁሉ የተሰረቀ ነው ማለት አይደለም፣ ነገር ግን ሌላው ገጽ ሸካራ ሆኖ አንድ የመዳፍ ያህል ቦታ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ካያችሁ፣ ምን እንደተፋቀ ጠይቁ። ቀጥሎ የመጋጠሚያውን መስመር በጣት እዳስሳለሁ፤ አንድ መሆን አለበት። ከዚያ የዓይን ቆብን፣ የአፍንጫን ቀዳዳና የከንፈርን ጠርዝ አያለሁ፤ በእያንዳንዱ ቅጂ ስለታም የነበረው ይደንዛል፣ ትናንሽ የአየር አረፋዎችም ይበዛሉ። አራተኛው ልክ ነው፤ ፎም ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ ከቅርጽ ላይ የተቀዳ ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ያንሳል። ሻጩ የነገራችሁን ልክ በካሊፐር (በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት በሁለት እግሩ በሚለካ መሣሪያ) አረጋግጡ፤ ከዓይን እስከ አፍንጫ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ ከዓይን እስከ ጆሮ ሥር ያለው ሁሉ በአንድ መጠን ጎድሎ ከተገኘ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን አይችልም ለማለት ይቀርባል።

ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን ስሕተት ነው። የመጽሐፍ ገልባጮችን ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል፤ ሁለት ብራናዎች በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ግድፈት ካላቸው፣ አንዱ ከሌላው፣ ወይም ሁለቱም ከአንድ እናት መጽሐፍ መገልበጣቸው ይታወቃል። ቅርጽም እንዲሁ ነው። የሁለት ፍየሎች ፊት ቢመሳሰል አያስደንቅም፤ ቀራጩ በግራ መንጋጋው ላይ ሳያስበው የተወው የአውራ ጣት አሻራ በሌላ ሰው ስም በሚሸጥ ቅርጽ ላይ ሲገኝ ግን ክርክር የለም።

የመገልበጥን ነገር ካነሣሁ አንድ ተቃውሞ መመለስ አለብኝ። "በጎንደር ሠዓሊው ከመምህሩ ሥዕል፣ ቁም ጸሐፊው ከቀደመው ዳዊት ሲቀዳ ኖሯል፤ መቅዳት መቼ ነውር ሆነ?" የሚሉኝ አሉ። ቁም ጸሐፊው ግን በመጽሐፉ ላይ ያጻፈውንና የጻፈውን ስም ያኖራል እንጂ የቀደመውን አይፍቅም፤ የሠዓሊው ደቀ መዝሙርም በመምህሩ ፈቃድ፣ በመምህሩ ፊት ነው የሚቀዳው። ለመማር የሌላውን ቅርጽ ፊት ለፊት አቁሞ በጭቃ መከተል እኔም ለተማሪዎቼ የማዝዘው ሥራ ነው። ነውሩ በሞልድ ማንሣቱ፣ ስሙን መፋቁና ከባለቤቱ ገበያ መሸጡ ነው።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅርጻ ቅርጽን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥራል፤ ጥበቃው ሥራው በመሠራቱ ብቻ የሚገኝ ሲሆን የባለቤቱን ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው የእስራት ቅጣት ይጠብቀዋል። የታክሲደርሚ ቅርጽ እንደ ሥነ ጥበብ ይቆጠራል ወይስ እንደ ዕቃ የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ቅርጹ የእንስሳውን መልክ ለማሳየት የተሠራ ሐውልት በመሆኑ ይጠበቃል ብሎ፣ ለአራት የተቀዱ የእንስሳት ቅርጾች በጁሪ (ከሕዝብ በተመረጡ ፈራጆች) የተወሰነውን የ400,000 ዶላር ካሳ አጽንቷል። በሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት ስለ ዓሣ ቅርጾች የተነሣው ክርክር ግን ለቀራጩ አልቀናም፤ ስለዚህ በሕግ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይገባም።

አምስተኛ፦ በራስ እጅ መሥራት

ለጎንደር ሰው የምመክረው መንገድ ይህ ነው፤ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በከተማው ውስጥ ይገኛል። ሥራውን ከጥቅምት በኋላ ጀምሩ፤ በክረምት ወረቀቱ አይደርቅም፣ ሻጋታም ይይዘዋል።

ራሱ እንደተገፈፈ፣ ሥጋው ሳይደርቅ ፊቱን በስሱ ቫዝሊን ቀብታችሁ የጀሶ ጭንብል አንሡ፤ ይህ የጡንቻውን ልክ የሚነግራችሁ ምስክር ነው። ከዚያ የተጸዳውን ራስ ቅል በፌሮ ብረት ላይ፣ ፌሮውን በወፍራም ሳንቃ ላይ አቁሙ፤ አንገቱንና ትከሻውን በሽቦ ወንፊት ጠቅልላችሁ በጆንያ ቁራጭ ሙሉ፤ ጭቃው የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

ስለ ጭቃው፣ ወደ ሰሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የተሻለ መካሪ አታገኙም። አንበሳና ሌላም ምስል ሲሠሩ በኖሩ እጆች የተቦካ አፈር፣ ከገበያ ከሚመጣ ማንኛውም ነገር ይበልጣል። እኔ ጭቃ የምገዛቸው እናት "ልጄ፣ ጭቃ ሲደርቅ ይሸሻል" ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ሸክላ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ የለካችሁት ልክ በሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ የተፈጨ ገል ደባልቁበት፣ ማታ ማታ በእርጥብ ጆንያና በላስቲክ ሸፍኑት፣ ጀሶውንም ጭቃው እርጥብ ሳለ አልብሱት።

ሲቀርጹ የጡንቻውን መነሻና መድረሻ መከተል ያስፈልጋል። ቆዳ የሚሸፍነው ነገር ስለሆነ ጥቂት አጉልታችሁ ቅረጹ፤ በጭቃ ላይ የተጋነነ የመሰለው የመንጋጋ መስመር ቆዳ ሲለብስ ልኩን ይይዛል። በየቀኑ ካሊፐሩን ወደ ጭንብሉ መልሱ። ተማሪ የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ ቸኩሎ ጀሶ የሚያፈሰው ሁሉ ኋላ በሞረድ ሲፍቅ ይኖራል።

ጭቃው ሲያልቅ በአፍንጫው፣ በግንባሩና በአንገቱ መካከል ቀጫጭን የቆርቆሮ ቁራጮች ሰክታችሁ ሁለት ወገን ክፈሉት። ጀሶውን ወደ ውሃው በትኑት እንጂ ውሃውን በጀሶው ላይ አታፍስሱ። የመጀመሪያው ንብር ቀጭን ሆኖ በብሩሽ ይቀባል፤ ቀጣዩ ቃጫ የተነከረበት ሆኖ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል፤ ሞቆ እስኪበርድ ጠብቁና ሁለቱን ወገን አላቁ። ውስጡን አጽዱ፣ አድርቁ፣ ሳሙና አሟምታችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡት።

ለመሙያ ፎም ከማፍሰስ ይልቅ ወረቀትን እመርጣለሁ፤ የፖሊዩሬቴን ፈሳሽ ጭሱ ለሳንባ አደገኛ ሲሆን ያለ መተንፈሻ ጭንብልና ያለ ክፍት ቦታ ሊሠራበት አይገባም። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠንካራ ነው፤ አቧራውን አራግፋችሁ፣ በእጅ ቀዳዳችሁ፣ በአናጢ ኮላ እየነከራችሁ ከ7 እስከ 8 ንብር ለጥፉ። ንብሮቹን በቡናማና በነጭ ወረቀት ብታፈራርቁ የቱ ቦታ እንዳልተሸፈነ ይታወቃል። በዱቄት ሙጫ አትሥሩ፤ ነፍሳት ይጠራል። ሁለቱ ግማሾች ከደረቁ በኋላ በሽቦና በዚያው ወረቀት ይጋጠማሉ፣ ቆዳ የሚቸነከርበት እንጨት ከውስጥ ይገባል፣ እርጥበት እንዳይመጥም ውጩ ቫርኒሽ ይቀባል።

ስድስተኛ፦ የራስን ቅርጽ መጠበቅ

ስማችሁንና ዓመቱን በጭቃው ላይ ቅረጹ፤ በሞልዱ ውስጥ ስለሚቀር በሚወጣው ሁሉ ላይ ይደገማል። አንድ ቦታ ብቻ አይበቃም። በግልጽ ከሚታየው ሌላ፣ ሊፋቅ በማይመች ቦታ፣ ለምሳሌ በጆሮ ሥር ባለው እጥፋት ውስጥ፣ እናንተ ብቻ የምታውቁት ስውር ምልክት ይኑር። ጭቃውን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀኑ ተጽፎ ፎቶግራፍ አንሡ። ጥበቃው ያለ ምዝገባም ቢኖር፣ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማመልከትና ማስመዝገብ በክርክር ጊዜ ማስረጃ ይሆናል። ለሌላ ባለሙያ ስትሸጡ በደረሰኙ ላይ "ይህ ቅርጽ ቆዳ ለማልበስ ብቻ የተሸጠ ነው፤ ሞልድ ማንሣትም ሆነ ማባዛት አይፈቀድም" ብላችሁ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ማባዛት የሚፈልግ ካለ በጽሑፍ ይዋዋል፣ በእያንዳንዱ ቅርጽ የሚከፍለውም ይወሰን።

ተቀድቶባችሁ ካገኛችሁ ከመጋጨት በፊት አንዱን በደረሰኝ ግዙ። የእናንተንና የእሱን ጎን ለጎን አቁማችሁ፣ በምስክሮች ፊት በካሊፐር ለኩ፣ ስውር ምልክቱን ፎቶ አንሡ። በእኔ ላይ የደረሰው በዚህ መንገድ በሽምግልና አልቋል፤ የቀዳው ሰው የጆሮውን እጥፋት ሲያይ የሚለው ጠፋው፣ ሞልዱንም አምጥቶ አስረከበ። ያን ቀን የረዳኝ ዋናው የጀሶ ሞልዴ በእጄ መኖሩ ነው። ስለዚህ ሞልዱን ቅርጽ ካወጣችሁበት በኋላ አትጣሉት፤ ሁለቱን ወገን ገጥማችሁ በሲባጎ እሰሩት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ የክረምቱ እርጥበት እንዳይደርስበትም ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በአግዳሚ እንጨት ላይ አስቀምጡት።